ሕገ መንግሥቱን የሚተረጉመው ማን ነው? የፍርድ ቤቶች ድርሻ እና የእኛ ጉዳይ



ጎንደር አዲስ ዓለም ውስጥ ባሏ የሞተባት አንዲት እህት አለች እንበል። ሐዘኗ ሳይደርቅ የባሏ ወንድሞች ውርሱ በሸሪዓ ፍርድ ቤት እንዲታይ ያመለክታሉ፤ እሷም መጥሪያ ይደርሳታል። አንዱ ጎረቤት «ሙስሊም ነሽ፣ ሌላ ቦታ መሄድ አትችዪም» ይላታል። ሌላው ደግሞ «ዝም በያቸው፣ አለመቅረብ መብትሽ ነው» ብሎ ይመክራታል። ወደ ሰሜን ወጣ ብለን ደግሞ ከደባርቅና ከዳባት ደጋማ ቀበሌዎች በአንዱ «ሂጃብሽን አውልቀሽ ካልሆነ ክፍል አትገቢም» የተባለች ተማሪ አለች እንበል። አባቷ አቤት የሚልበትን ቢሮ አያውቅም።

ሁለቱም ታሪኮች ለምሳሌ ያህል ያስቀመጥናቸው ናቸው። ጥያቄዎቹ ግን በየመስጊዱ በራፍ የምንሰማቸው ናቸው። የሁለቱም መልስ የሚነሳው ከአንድ ሰነድ ነው፤ ከኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት። ሰነዱ ራሱ ግን አይናገርም፣ የሚያናግረው ሰው ወይም ተቋም ይፈልጋል። በማስተማር ሥራ ላይ በነበርንበት ጊዜ «ሕገ መንግሥቱን የሚተረጉመው ማን ነው?» ብለን ስንጠይቅ አብዛኞቹ ተማሪዎች «ፍርድ ቤት» ይሉን ነበር። መልሱ ግማሹ ልክ ነው። በአገራችን የመጨረሻው ቃል የፍርድ ቤት አይደለም፤ የመጀመሪያው በር ግን ብዙ ጊዜ ፍርድ ቤት ነው። በዚህ ጽሑፍ ይህ ሥርዓት እንዴት እንደሚሠራ፣ ለእኛ ለሙስሊሞች ምን ማለት እንደሆነ እና በሩ ላይ የደረሰ ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት እናያለን፣ ኢንሻአላህ።

ሕገ መንግሥትን መተርጎም ሲባል

ሕገ መንግሥት ሰፊና አጭር ቃላትን ይጠቀማል። «የሃይማኖት ነጻነት»፣ «እኩልነት»፣ «ፍትሕ የማግኘት መብት» ይላል። የትምህርት ቤት መመሪያ፣ የከንቲባ ደብዳቤ ወይም አንድ አዋጅ ከእነዚህ ቃላት ጋር ይጋጫል ወይስ አይጋጭም የሚለውን መወሰን ትርጉም መስጠት ነው። ፊቅህ የተማረ ሰው ይህ አይቸግረውም። ዋናው ነስ አንድ ሆኖ ሳለ አዲስ ጉዳይ ሲመጣ ዓሊሞች ከነሱ ተነስተው ሑክሙን እንደሚፈልጉት ሁሉ፣ የሕገ መንግሥት ተርጓሚም ከአንቀጹ ተነስቶ በፊቱ ያለውን ጉዳይ ይመዝናል። ልዩነቱ የሕገ መንግሥት ትርጉም የመንግሥት ኃይል ከጀርባው ያለው መሆኑ ነው፤ ሕግ ይሽራል፣ የፍርድ ቤት ውሳኔን ይቀለብሳል።

ከጎንደር ችሎት እስከ 1987 ዓ.ም

የጎንደር ሰው ለዚህ ነገር ቅርብ የሆነ ታሪክ አለው። በፋሲል ግቢ ዘመን የመጨረሻው ዳኛ ንጉሠ ነገሥቱ ነበር። የተበደለ ሰው «ጃን ሆይ!» ብሎ ይጮሃል፤ ከዚያ በላይ የሚሄድበት ቦታ የለም። እ.ኤ.አ. በ1668 በአጼ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን በጎንደር የተደረገው ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው በራሳቸው ሰፈር እንዲኖሩ ወሰነ። በቀሃ ወንዝ በኩል የነበረው «እስላም ቤት»፣ በኋላ አዲስ ዓለም የተባለው ሰፈር፣ ከዚህ ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። አባቶቻችን በዚያ ሰፈር ሸምነው፣ ነግደው፣ ቁርኣን አስቀርተው ኖሩ። ነገር ግን ያንን ውሳኔ «ከበላይ ሕግ ጋር ይጋጫል» ብለው የሚከራከሩበት ሕገ መንግሥትም ሆነ ችሎት አልነበረም።

የመጀመሪያው የተጻፈ ሕገ መንግሥት በ1923 ዓ.ም ወጣ። በ1948 ዓ.ም የተሻሻለው ደግሞ ሕገ መንግሥቱ የበላይ ሕግ መሆኑን አሰፈረ፤ በተግባር ግን የንጉሡን ሕግ የሚሽር ፍርድ ቤት አልታየም። በ1980 ዓ.ም የኢሕዲሪ ሕገ መንግሥት የመተርጎም ሥልጣን የተሰጠው ለመንግሥት ምክር ቤት ነበር። ስለዚህ በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥትን የመተርጎም ሥልጣን ከፍርድ ቤት ውጭ መሆኑ በ1987 የተጀመረ አይደለም ማለት ይቻላል።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ሥልጣኑን ለማን ሰጠ?

አሁን የምንተዳደርበት ሕገ መንግሥት ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም ጸድቆ ነሐሴ 15 ቀን 1987 ዓ.ም በሥራ ላይ ዋለ። አንቀጽ 62 እና አንቀጽ 83 ሕገ መንግሥትን የመተርጎም ሥልጣን ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ይሰጣሉ። ይህ ምክር ቤት የብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ተወካዮች የሚቀመጡበት ነው። በአንቀጽ 61 መሠረት እያንዳንዱ ብሔር ወይም ብሔረሰብ ቢያንስ አንድ ተወካይ ይኖረዋል፤ በየአንድ ሚሊዮን ሕዝብም አንድ ተወካይ ይጨመርለታል።

ምክንያቱ አንቀጽ 8 ውስጥ አለ። ሉዓላዊ ሥልጣን የብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ነው ከተባለ፣ ቃል ኪዳኑን የሚተረጉሙትም ባለቤቶቹ እንጂ ያልተመረጡ ዳኞች መሆን የለባቸውም የሚል አስተሳሰብ ነው።

የምክር ቤቱ አባላት የሕግ ባለሙያ የመሆን ግዴታ ስለሌለባቸው የሚያግዛቸው አካል ተቋቁሟል። ስሙ የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ነው። በአንቀጽ 82 መሠረት አባላቱ 11 ናቸው። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንትና ምክትል ፕሬዚዳንት ሰብሳቢና ምክትል ሰብሳቢ ይሆናሉ፤ ስድስቱ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አቅራቢነት በአገሪቱ ፕሬዚዳንት የሚሾሙ የሕግ ባለሙያዎች ናቸው፤ ሦስቱ ደግሞ ከፌዴሬሽን ምክር ቤት አባላት መካከል ይወከላሉ። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ፍርድ ቤቱ በሁለቱ ከፍተኛ ኃላፊዎቹ በኩል በትርጉሙ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል።

አጣሪ ጉባኤው ሁለት ዓይነት ሥራ ይሠራል። ጉዳዩ ትርጉም የሚያስፈልገው ሆኖ ካላገኘው መልሶ ይልከዋል፤ በዚህ ቅር የተሰኘ ወገን ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ይግባኝ ማለት ይችላል። ትርጉም ያስፈልገዋል ብሎ ካመነ ግን የውሳኔ ሐሳቡን ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ያቀርባል፤ ምክር ቤቱም በአንቀጽ 83 መሠረት በ30 ቀናት ውስጥ ውሳኔ ይሰጣል። በጉባኤው ደጃፍ ከሚቀርቡት አቤቱታዎች አብዛኞቹ «ትርጉም አያስፈልገውም» ተብለው የሚመለሱ ናቸው። ምክንያቱም ብዙ ሰው «ፍርድ ተጓድሎብኛል» የሚለውን ቅሬታ «ሕገ መንግሥት ተጥሷል» ከሚለው ሳይለይ ይሄዳል።

ታዲያ ለፍርድ ቤት ምን ቀረለት?

ከላይ ያለውን ያነበበ ሰው «እንግዲያው ዳኛ ስለ ሕገ መንግሥት አፉን መክፈት አይችልም ማለት ነው?» ሊል ይችላል። ይህ በየፍርድ ቤቱ ጭምር የሚታይ ስህተት ነው። ሕገ መንግሥቱ ለፍርድ ቤት ቢያንስ አራት ሥራ ሰጥቶታል።

የመጀመሪያው ማስከበር ነው። አንቀጽ 13 ንዑስ አንቀጽ 1 በየደረጃው ያሉ የፌዴራልና የክልል ሕግ አውጪ፣ ሕግ አስፈጻሚና የዳኝነት አካላት ሁሉ በምዕራፍ ሦስት የተዘረዘሩትን መሠረታዊ መብቶች የማክበርና የማስከበር ኃላፊነትና ግዴታ እንዳለባቸው ይናገራል። «የዳኝነት አካላት በየደረጃው» ሲል የደባርቅ ወረዳ ፍርድ ቤትንም ይጨምራል። የአንቀጹ ትርጉም ግልጽ በሆነበትና ሕግ ይሻር የሚል ጥያቄ ባልተነሳበት ጉዳይ ዳኛው መብቱን ማስከበር እንጂ ወደ አዲስ አበባ መላክ አይጠበቅበትም።

ለዚህ ቅርብ ጊዜ ያየነው ምሳሌ አክሱም ላይ ነው። በከተማው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሂጃብ በመከልከሉ ከ150 በላይ ሙስሊም ተማሪዎች ከትምህርት ገበታና ከብሔራዊ ፈተና ምዝገባ ውጭ የመሆን አደጋ ሲያጋጥማቸው፣ የትግራይ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ወሰደው። በጥር 2017 ዓ.ም የአክሱም ፍርድ ቤት ክልከላው ለጊዜው እንዲታገድ ትእዛዝ ሰጠ። የእገዳ ትእዛዝ የመጨረሻ ፍርድ አይደለም። ቢሆንም ፌዴሬሽን ምክር ቤት ሳይደርስ፣ እዚያው ከተማ ውስጥ ያለ መደበኛ ፍርድ ቤት በመብት ጉዳይ ላይ እጁን ማስገባት እንደሚችል አሳይቷል። የምሳሌአችን ተማሪ አባትም መጀመሪያ ማንኳኳት ያለበት በር ይኸው ነው።

ሁለተኛው ሥራ ከዓለም አቀፍ ሰነዶች ጋር ማስማማት ነው። አንቀጽ 13 ንዑስ አንቀጽ 2 መሠረታዊ መብቶች ኢትዮጵያ ከተቀበለቻቸው ዓለም አቀፍ የሰብአዊ መብት ሰነዶች መርሆዎች ጋር በተጣጣመ መንገድ እንዲተረጎሙ ያዛል። «እንዲተረጎሙ» የሚለው ቃል ራሱ፣ በየደረጃው ያለ ዳኛ በተወሰነ መጠን ተርጓሚ መሆኑን የሚያሳይ ነው ብለው የሚከራከሩ የሕግ ምሁራን ብዙ ናቸው።

ሦስተኛው ጥያቄውን መላክ ነው። በክርክር መካከል የሕገ መንግሥት ትርጉም የሚሻ ነጥብ ሲነሳ ፍርድ ቤቱ ወይም ተከራካሪው ለአጣሪ ጉባኤው ማቅረብ ይችላል፤ ዝርዝሩ በአዋጅ ቁጥር 798/2005 ተደንግጓል። ይህ መንገድ ሁለት የተለያየ ውጤት ሰጥቶ አይተነዋል። በ1997 ዓ.ም ከምርጫው በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትሩ በአዲስ አበባ ሰልፍ ለአንድ ወር ሲከለክሉ፣ ቅንጅት ክስ መሠረተ፤ የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ጥያቄውን ለአጣሪ ጉባኤው ላከ፤ ጉባኤው ትርጉም አያስፈልገውም ብሎ መለሰው። በ2006 ዓ.ም ግን የቀድሞው የገቢዎችና ጉምሩክ ባለሥልጣን ዋና ዳይሬክተር አቶ መላኩ ፈንታ የተከሰሱበት መዝገብ ሌላ ውጤት አመጣ። ከፍተኛ ባለሥልጣናት በቀጥታ በጠቅላይ ፍርድ ቤት እንዲዳኙ የሚያደርገው ሕግ የይግባኝ መብታቸውን ያሳጣል የሚለው ነጥብ ተልኮ፣ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ድንጋጌው ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል ብሎ ወሰነ። አንድ ችሎት የላከው ጥያቄ አንድ አዋጅ ውስጥ ያለን አንቀጽ ጣለ ማለት ነው።

አራተኛው ሥራ የሰበር ነው። በአንቀጽ 80 መሠረት የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት መሠረታዊ የሕግ ስህተት ያለበትን የመጨረሻ ውሳኔ በሰበር ያያል። በ1997 ዓ.ም በወጣው አዋጅ ቁጥር 454፣ በኋላም በአዋጅ ቁጥር 1234/2013፣ የሰበር ችሎት የሕግ ትርጉም በሌሎች ፍርድ ቤቶች ላይ አስገዳጅ ሆኗል። ይህ ችሎት አዋጆችን ሲተረጉም ሕገ መንግሥቱን በዓይኑ ሳያይ አያልፍም።

የሸሪዓ ፍርድ ቤትና የፈቃድ ጉዳይ

አሁን ወደ አዲስ ዓለሟ እህታችን እንመለስ። ጉዳዩ የተመሠረተባቸው ሁለት አንቀጾች አሉ። አንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5፣ ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ፣ የግልና የቤተሰብ ጉዳዮች በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ መዳኘታቸውን ሕገ መንግሥቱ እንደማይከለክል ይናገራል። አንቀጽ 78 ንዑስ አንቀጽ 5 ደግሞ ከሕገ መንግሥቱ በፊት እውቅና አግኝተው ይሠሩ የነበሩ የሃይማኖት ፍርድ ቤቶች በሕገ መንግሥቱ እውቅና መሠረት እንዲደራጁ ያደርጋል።

የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ታሪክ ከሕገ መንግሥቱ ይረዝማል። በ1934 ዓ.ም የቃዲዎች ፍርድ ቤት በአዋጅ ተቋቋመ፤ በ1936 ዓ.ም በሌላ አዋጅ ተተካ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከወጣ በኋላ ሕጋዊ መሠረታቸው አጠራጣሪ ሆኖ ሳለ መሥራታቸውን አላቋረጡም። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ ሙስሊሞችና አብረዋቸው የወጡ ክርስቲያኖች ባደረጉት ታላቅ ሰልፍ ከቀረቡት ጥያቄዎች አንዱ የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ጉዳይ ነበር። በመጨረሻ በአዋጅ ቁጥር 188/1992 የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች በሦስት ደረጃ ተጠናከሩ፤ የመጀመሪያ ደረጃ፣ ከፍተኛና ጠቅላይ። ጋብቻ፣ ፍቺ፣ ቀለብ፣ የልጆች ሞግዚትነት፣ ወቅፍ፣ ሂባ፣ ኑዛዜና ውርስ ይመለከታሉ። በአማራ ክልልም በክልሉ ሕግ የተቋቋሙ የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች አሉ።

ሁሉም የሚያርፉት በአንድ ቃል ላይ ነው፤ ፈቃድ። ይህ ቃል በተግባር የተፈተነው አዲስ አበባ ላይ ነው። በአንድ የውርስ ክርክር አንዲት ሙስሊም ወይዘሮ በሸሪዓ ፍርድ ቤት ለመዳኘት ፈቃደኛ አለመሆናቸውን ገለጹ። ፍርድ ቤቱ ግን መቃወሚያቸውን አልፎ ወሰነ፤ በይግባኝም በሰበርም አልተሳካላቸውም። ጉዳዩ ሕገ መንግሥታዊ ሆኖ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ደረሰ። ምክር ቤቱ በ1996 ዓ.ም የወይዘሮዋ ፈቃድ ሳይኖር የተሰጡት ውሳኔዎች ከአንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 ጋር የሚጋጩ ናቸው ብሎ ሻራቸው።

ያኔ ይህን ውሳኔ የሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን ለማዳከም የተደረገ አድርገው ያዩት ወንድሞች ነበሩ። እኛ በተቃራኒው እናየዋለን። ሙስሊም ጉዳዩን በአላህ ሕግ እንዲያስፈታ መምከርና ማስተማር የዓሊሞች፣ የወላጆችና የመምህራን ሥራ ነው፤ ተጠያቂነቱም በአላህ ፊት ነው። በመንግሥት ማኅተም ማስገደድ ግን ሌላ ነገር ነው። ሰው ወዶ የሚመጣበት የቃዲ ችሎት ክብሩ ይጨምራል፤ ተጎትቶ የሚገባበት ግን ጥርጣሬን ያተርፋል። ፈቃድን የጠበቀው አንቀጽም ሆነ ለሸሪዓ ፍርድ ቤት እውቅና የሰጠው አንቀጽ የአንድ ሰነድ ክፍል ናቸው፤ አንዱን ይዘን ሌላውን ልንጥል አንችልም።

ምርጫው የስም ጉዳይ ብቻ አይደለም፣ ውጤቱ ይለያያል። በሸሪዓ ሚስት የራሷ ንብረት የራሷ ሆኖ፣ ከሟች ባሏ ውርስ ልጅ ካለው አንድ ስምንተኛ፣ ከሌለው አንድ አራተኛ ይደርሳታል። በመደበኛው ሕግ ግን በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ንብረት በመርሕ ደረጃ የጋራ ስለሆነ ግማሹን ትወስዳለች፤ በባሏ ድርሻ ላይ ግን ኑዛዜ ካልኖረ ወራሽ አይደለችም። የልጆች ድርሻም እንዲሁ ይለያያል። ስለዚህ «ሁለቱም ያው ነው» ብሎ የሚመክር ሰው አላወቀም።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። በፌዴራሉ አዋጅ መሠረት መጥሪያ በአግባቡ ደርሶት ያልቀረበ ሰው እንደተስማማ ተቆጥሮ ክርክሩ በሌለበት ይታያል። በግልጽ ፈቃዱን ያልሰጠ ቀርቦ የተቃወመ ሰው ጉዳይ ግን ሥልጣን ወዳለው መደበኛ ፍርድ ቤት ይተላለፋል። አንዴ ከመረጡ በኋላም መሃል ላይ መቀየር አይፈቀድም። ይህ ሕግ በቀጥታ የሚሠራው በፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ነው፤ ጎንደር ላይ ዝርዝሩ የሚታየው በክልሉ ሕግ ነው። የሕገ መንግሥቱ የፈቃድ መርሕ ግን በሁለቱም ቦታ አንድ ነው። እንግዲህ «ዝም በያቸው» ያላት ጎረቤት ምክሩ እጅግ አደገኛ ነበር። «ሌላ ቦታ መሄድ አትችዪም» ያላትም ተሳስቷል። ትክክለኛው መንገድ ቀርቦ፣ በመጀመሪያው ቀጠሮ፣ እሺ ወይም እምቢ የሚለውን በጽሑፍ ማስመዝገብ ነው። እሺ ብላ ብትዳኝም፣ እምቢ ብላ ብትሄድም፣ ዝምታዋ ሳይሆን ቃሏ ይወስናል።

የክልሉ መንገድ

አማራ ክልል የራሱ ሕገ መንግሥት አለው፤ የተሻሻለው በ1994 ዓ.ም ነው። የክልሉን ሕገ መንግሥት የመተርጎም ሥልጣን የተሰጠው ለሕገ መንግሥት ተርጓሚ ኮሚሽን ነው፤ አባላቱ ከወረዳና ከብሔረሰብ ምክር ቤቶች የሚወከሉ ሲሆኑ የሚያግዛቸው የክልሉ አጣሪ ጉባኤ አለ። አሠራሩ የፌዴራሉ አምሳያ ነው ማለት ይቻላል። ነገር ግን የሃይማኖት ነጻነት፣ እኩልነትና ፍትሕ የማግኘት መብት በፌዴራሉ ሕገ መንግሥትም የተጻፉ ስለሆኑ፣ ከሰሜን ጎንደር የተነሳ አቤቱታ በወረዳ፣ በከፍተኛና በባሕር ዳሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አልፎ ወደ ፌዴራሉ አጣሪ ጉባኤ ሊደርስ ይችላል።

በሌሎች አገሮች እንዴት ነው?

በአሜሪካ ፍርድ ቤቶች ሕገ መንግሥትን የመተርጎም ሥልጣናቸውን ያጸኑት እ.ኤ.አ. በ1803 በተሰጠ አንድ ፍርድ ነው፤ ሕገ መንግሥቱ በግልጽ አልሰጣቸውም ነበር። ጀርመን ደግሞ ከ1951 ጀምሮ በካርልስሩኸ የሚገኝ ልዩ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት አላት፤ ተራ ዜጋ በቀጥታ ሊያመለክት ይችላል።

ለእኛ ቅርብ የሆነችው ኬንያ ናት። የ2010 ሕገ መንግሥቷ የቃዲ ፍርድ ቤቶችን አካቷል፤ ሥልጣናቸው ግን ተከራካሪዎቹ ሁሉ ሙስሊሞች ሆነው ለፍርድ ቤቱ ሥልጣን በተገዙበት ጉዳይ የተወሰነ ነው። እዚያም ቁልፉ ፈቃድ ነው። በደቡብ አፍሪካ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2022 የጋብቻና የፍቺ ሕጎቹ በእስልምና ሥርዓት የተፈጸመ ጋብቻን ባለማወቃቸው ሕገ መንግሥቱን ይጥሳሉ ብሎ ወሰነ። በቁጥር አናሳ የሆኑ ሙስሊም ሴቶች ፓርላማ ለዓመታት ያልሰጣቸውን መብት ያገኙት በዳኞች በኩል ነው።

ክርክሩ

ሥርዓታችን ይበቃል ወይ የሚለው ጥያቄ በግልጽ የተነሳው በ2012 ዓ.ም ነው። በኮሮና ምክንያት ምርጫው ሲራዘም፣ የምክር ቤቶቹ ዘመን ሊያበቃ ስለነበር የሕገ መንግሥት ትርጉም ተጠየቀ። አጣሪ ጉባኤው፣ በወቅቱ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት በነበሩት ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ሰብሳቢነት፣ የሕግ ምሁራንን በቴሌቪዥን በቀጥታ በተላለፈ ስብሰባ ሰማ። ሰኔ 3 ቀን 2012 ዓ.ም ፌዴሬሽን ምክር ቤት የቀረበውን የውሳኔ ሐሳብ በ114 ድጋፍ፣ በ4 ተቃውሞና በአንድ ድምፀ ተአቅቦ አጸደቀ። ደጋፊዎቹ «ሕገ መንግሥቱ መልስ ያልሰጠበትን ክፍተት ሞላ» አሉ። ተቃዋሚዎቹ «ከሥልጣን ዘመን ጋር የተያያዘን ጥያቄ ፖለቲከኞች ራሳቸው ዳኝተው ወሰኑ» አሉ።

ለሙስሊሙ ጥያቄው ሌላ ገጽ አለው። ፌዴሬሽን ምክር ቤት ውስጥ ወንበር የሚሰጠው በብሔር እንጂ በሃይማኖት አይደለም። የጎንደር ሙስሊም በብሔሩ ተወካይ አለው፤ በሃይማኖቱ ለተበደለው በደል ግን የሚሟገትለት ተወካይ ላይኖር ይችላል። በሚያዝያ 2014 ዓ.ም ጎንደር ላይ በቀብር ሥነ ሥርዓት በተነሳው ግጭት የሰው ሕይወት ሲጠፋ፣ ብዙዎቻችን «መብታችን በየትኛው በር ይጠበቃል?» ብለን የጠየቅነው ለዚህ ነው። ገለልተኛ የሆነ፣ ለሕግ ብቻ የሚገዛ ዳኛ በአንቀጽ 79 ቃል ተገብቶልናል፤ ድምፅ የሌለው ሰው ከድምፅ ብልጫ ይልቅ የሚያርፈው በእንዲህ ዓይነት ዳኛ ላይ ነው። በሌላ በኩል የ1996ቱ ውሳኔ እንዳሳየን፣ ሰበር የዘጋውን በር ፌዴሬሽን ምክር ቤት የከፈተበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ነገሩን በጥቁርና ነጭ አንቆርጥም። ሥርዓቱ ይሻሻል የሚለው ክርክር ይቀጥል፤ እስከዚያው ግን ያለውን በር ሳይጠቀሙ በሩ የለም ማለት ተገቢ አይደለም።

በተግባር ምን እናድርግ?

1. አንቀጹን ስም ጠርተን እንናገር። «ተበደልኩ» ከማለት «በአንቀጽ 27 የተሰጠኝ የሃይማኖት ነጻነት ተጥሷል» ማለት ይሻላል። አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፣ አንቀጽ 25 እኩልነትን፣ አንቀጽ 37 ፍትሕ የማግኘት መብትን ይመለከታሉ።

2. ውሳኔውን በጽሑፍ እንጠይቅ። ትምህርት ቤትም ሆነ ቢሮ በቃል የከለከለውን ማስረዳት ከባድ ነው። ደብዳቤ እንጻፍ፣ ቅጂውን እናስቀምጥ፣ የተቀበለው አካል ገቢ ማኅተም እንዲመታበት እናድርግ።

3. ነጥቡን ከመጀመሪያው እናንሳ። የሕገ መንግሥት ጥያቄ በወረዳ ፍርድ ቤት ጀምሮ መዝገብ ላይ ቢሰፍር ይሻላል። በየደረጃው ያለውን ይግባኝ ሳይጨርሱ አጣሪ ጉባኤ ቢሄዱ አቤቱታው ሊመለስ ይችላል። የጊዜ ገደብም ስላለ ሳይዘገዩ የሕግ ባለሙያ ማማከር ያስፈልጋል።

4. ጉዳቱ የሚያስቸኩል ከሆነ እግድ እንጠይቅ። ፈተና ሊያልፋት ያለች ተማሪ የመጨረሻውን ፍርድ መጠበቅ አትችልም።

5. የሸሪዓ ፍርድ ቤት መጥሪያ ሲደርሰን እንቅረብ፤ ፈቃዳችንን ወይም ተቃውሟችንን በጽሑፍ እንስጥ። ኒካሕ ስናስር፣ ኑዛዜ ስንጽፍ ጉዳያችን በየትኛው ሕግ እንዲታይ እንደምንፈልግ አስቀድመን በቤተሰብ መነጋገርም ብዙ ጠብን ያስቀራል።

6. አቅም ከሌለን ነጻ የሕግ ድጋፍ እንፈልግ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ለአቅመ ደካሞች የሕግ ድጋፍ ሲሰጥ ቆይቷል። የመጅሊስ ጽሕፈት ቤቶችም ጉዳዩን በተቋም ደረጃ ይዘው ሊሄዱ እንደሚችሉ የአክሱሙ ክስ አሳይቷል።

7. አንድ ሰው ያገኘው ለብዙዎች እንደሚተርፍ እንወቅ። ፌዴሬሽን ምክር ቤት በሕገ መንግሥት ትርጉም ላይ የሚሰጠው ውሳኔ ወደፊት በሚነሱ ተመሳሳይ ጉዳዮች ላይ ጭምር ይሠራል። አንዲት ወይዘሮ አዲስ አበባ ላይ የታገሉለት የፈቃድ መርሕ ዛሬ አዲስ ዓለም ያለችውን እህታችንንም ይጠብቃታል።

ከሦስት መቶ ሃምሳ ዓመት በፊት በጎንደር የተወሰነውን ውሳኔ አባቶቻችን በዝምታ ተቀበሉት፤ አቤት የሚሉበት ስላልነበራቸው። እኛ ግን ጠባብም ቢሆን በር አለን። በሩን የሚያንኳኳ፣ ምን ብሎ እንደሚያንኳኳም የሚያውቅ ትውልድ ማፍራት የመምህራን፣ የወላጆችና የመስጊዶቻችን ሥራ ነው። አላህ ሐቅን ከሚያውቁና ለሐቅ ከሚቆሙ ያድርገን። አሚን።